አዳማ ላይ ባሕር መሥራት

እንጀራዬ አልሙኒየምና መስታወት ነው። ፍራንኮ አካባቢ ባለችው ሱቄ የሱቅ በር፣ የሻወር መስታወትና የቢሮ ክፍልፋይ እሠራለሁ። አኳሪየም ውስጥ የገባሁት በሆቴሎች በኩል ነው። አዳማ የስብሰባ ከተማ ናት፤ ሆቴል ሲከፈት እንግዳ መቀበያው ላይ ጎልድፊሽ የሚዋኝበት መስታወት ካላስቀመጥኩ የሚል ባለቤት አይጠፋም። እሱን ለምደነዋል። አሁን አሁን የሚመጣው ትእዛዝ ግን ሌላ ነው፤ ዱባይ ደርሶ የተመለሰ ሁሉ ስልኩን አውጥቶ የባሕር አኳሪየም ቪዲዮ ያሳየኛል።

ከእነዚህ ደንበኞች አንዷ ካፌ ያላቸው እናት ናቸው። ልጃቸው ዱባይ ትሠራለች። "ሻርኩን ተወው፤ ይቺን ኒሞንና ይሄን የሚወዛወዘውን ኮራል ሳሎኔ ውስጥ አድርግልኝ። መስታወቱን አንተ ትሠራለህ፣ ዓሣውን ልጄ ትልካለች፤ ሌላ ምን ይቀራል?" አሉኝ። "ውኃው ይቀራል እትዬ" አልኳቸው። "ውኃማ ከቧንቧ፣ ጨው ከጓዳ!" ብለው ሳቁ።

እንዲህ የሚያስቡት እሳቸው ብቻ አይደሉም። ስለዚህ ቀላሉን ነገር ቶሎ ጨርሼ ወደ ውኃው ልሂድ።

ቀላሉ መስታወቱ ነው። ርዝመቱ 120፣ ወርዱና ቁመቱ 50 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሣጥን 300 ሊትር ይይዛል፤ ለዚህ ባለ 12 ሚሊ መስታወት እጠቀማለሁ። አንድ ሊትር የባሕር ውኃ ከአንድ ኪሎ ትንሽ ስለሚበልጥ ውኃው ብቻ 308 ኪሎ ይመጣል፤ መስታወቱና ድንጋዩ ሲጨመሩ ከ400 ኪሎ በላይ ነው። ኮንዶሚኒየም ላይ የምትኖሩ ከሆነ ከግድግዳ ጋር እንጂ የሳሎን መሐል ላይ አታስቀምጡት። ማጣበቂያው ሲሊኮን ነው፤ ሲቀባ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተውንና ሌላ ነገር ያልተቀላቀለበትን ምረጡ። ለሻወር የሚሸጠው፣ ሻጋታ ይከላከላል የሚል የተጻፈበት ሲሊኮን ሻጋታ የሚገድለው መድኃኒት አለበት፤ መድኃኒቱ ዓሣውንም አይምርም። ጠርዙን በአልኮል ወልውሎ፣ ሁለቱን መስታወት ሲያጋጥሙ ሲሊኮኑን ሙሉ በሙሉ ጨምቆ አለማስወጣት ነው ጥበቡ፤ በመካከላቸው አንድ ሚሊ ያህል ላስቲክ መቅረት አለበት። ከዚያ ሳምንት ሳይነኩ መተው። ተለማማጁ ልጅ በሁለተኛው ቀን "ጋሼ፣ ደርቋል እኮ" ይለኛል፤ ላዩ ይደርቃል፣ ውስጡ ግን አይደርቅም።

መቆሚያው ቱቦላሬ ይሁን፤ አንቲ ረስቱ ግን ሁለት ጊዜ ይቀባ። ጨው ከመስታወቱ አፍ ላይ እየረጨ ወደ ታች ይወርዳል፤ ብረትን ብቻ ሳይሆን አልሙኒየምንም ይበላል። ቧንቧው ፒቪሲ ወይም ፒፒአር ይሁን። መዳብና ነሐስ የባሕር ውኃውን ከነኩ ለኮራልና ለቀንድ አውጣ መርዝ ናቸው።

አሁን ወደ ውኃው።

አንድ ሊትር የባሕር ውኃ ውስጥ 35 ግራም ያህል ጨው አለ። ከዚህ ውስጥ ትልቁ ድርሻ የጓዳው ጨው የተሠራበት ሶዲየምና ክሎራይድ ነው። የቀረው ግን ጓዳ ውስጥ የለም፤ ማግኒዚየም 1.3 ግራም ገደማ፣ ካልሲየም 0.4 ግራም፣ ፖታሲየም 0.4 ግራም፣ ሰልፌት 2.7 ግራም፣ ከዚያም ካርቦኔትና ሌላ ሌላ። ኮራል ድንጋይ ይመስላል እንጂ እንስሳ ነው፤ የሚቀመጥበትን አጥንት ከውኃው ውስጥ ካልሲየምና ካርቦኔት እየለቀመ ይገነባል። የአፍዴራ ጨው ሲመረት ውኃው በፀሐይ እየተነነ ሶዲየም ክሎራይዱ ብቻ እንዲረጋ ስለሚደረግ ለወጥ ጥሩ ነው፣ ለኮራል ግን ሲሚንቶ የሌለው ቤት እንሥራ እንደማለት ነው።

"እሺ፣ የጓዳው ካልሆነ የሐይቁስ?" የሚለኝ አለ። ስምጥ ሸለቆ ላይ ተቀምጠን ጨዋማ ውኃ ፍለጋ መሄዳችን ግራ ያጋባል፤ እውነቱን ነው። ከሻሸመኔ መንገድ በስተ ቀኝ ሻላ አለ፤ 266 ሜትር የሚጠልቅ፣ ጨዋማ። ወደ መተሐራ ስንሄድ በሰቃ አለ፤ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የነበረና ዛሬ ከ40 የበለጠ፣ መንገዱንና ሐዲዱን ሲያሳድድ የኖረ። ሁለቱም ውኃቸው አፍ ላይ ጨው ጨው ይላል። ጨውነታቸው ግን የባሕር አይደለም፤ ሶዳ ነው። በእሳተ ገሞራ ድንጋይ መካከል አልፎ የመጣ ውኃ ሶዲየምና ባይካርቦኔት ይዞ ይመጣል፤ ባይካርቦኔቱ ሲበዛ ካልሲየሙን ይዞ ታች ይረጋል። ስለዚህ ሻላ ውስጥ ጨው ሞልቶ ካልሲየም የለም ማለት ይቻላል፤ ፒኤቹም ከ9 በላይ ነው፣ የባሕሩ 8.2 አካባቢ ሲሆን። እዚያ ውኃ ውስጥ የገባ ኮራል አንድ ቀን አያድርም።

የዝዋይ ውኃ ግን፣ ባቱ ከተማ ሄዳችሁ ብትቀምሱት፣ ጨው የለውም። ዝዋይና አቢጃታ ጎረቤት ናቸው፤ የዝዋይ ውኃ በቡልቡላ ወንዝ ወጥቶ አቢጃታ ይገባል። ዝዋይ መውጫ ስላለው ጨዉን ያስወጣል፤ አቢጃታ መውጫ ስለሌለው የመጣለትን ሁሉ ይዞ ይቀራል። ውኃው ወደ ሰማይ ይሄዳል፣ ጨዉ መሄጃ የለውም። መስኖውና ሶዳ አሽ ፋብሪካው ተጨምረውበት ውኃው ሲሸሽ አቢጃታ ይበልጥ ጨዋማ ሆነ፤ ዓሣው ጠፋ። ሻላ ደሴት ላይ ጎጆ ሠርተው ምግባቸውን አቢጃታ ይለቅሙ የነበሩት ፔሊካኖችም ሌላ ቦታ መፈለግ ግድ ሆነባቸው።

ይህን ለደንበኞቼ የምተርከው ታሪክ ለማብዛት አይደለም። ሳሎን ውስጥ የሚቀመጥ የባሕር አኳሪየም ጠባዩ የአቢጃታ ጠባይ ነው። የውኃው ወለል 0.6 ካሬ ሜትር ነው፤ በአዳማ ነፋስና ሙቀት ከዚህ ላይ በቀን ሁለት ሦስት ሊትር ሊተን ይችላል። በሳምንት 20 ሊትር ከጎደለ 35 ግራም የነበረው ወደ 37.5 ይደርሳል፤ ወር ሙሉ ዝም ካሉት ከ40 በላይ ያልፋል። ብዙ ሰው የጎደለውን በጨው ውኃ ይሞላል፤ ስሌቱ የሚበላሸው እዚያ ላይ ነው። የተነነው ውኃ ብቻ ስለሆነ የሚጨመረውም ጨው የሌለው ውኃ ብቻ መሆን አለበት፤ በየቀኑ፣ በጥቂት በጥቂቱ። በመስታወቱ ላይ በማርከር መስመር አስምሩ፣ ጠዋት ጠዋት እስከ መስመሩ ሙሉ። ጨዉን የሚለካው ሪፍራክቶሜትር የሚባል በዓይን የሚታይበት መሣሪያ ነው፤ 1.025 ወይም 1.026 ማሳየት አለበት።

ውኃ ተንኖ ጨው መቅረቱ አዲስ ነገር አይደለም፤ አገራችን ራሷ አንድ ጊዜ ባሕር ይዛ ደርቆባታል። የዳናኪል ዝቅተኛ ሜዳ ከ120,000 ዓመት ገደማ በፊት የቀይ ባሕር ክንድ ነበር። መግቢያው ሲዘጋ ውኃው ተነነ፤ ግመሎች አሞሌ ጭነው የሚወጡበት ያ ነጭ ሜዳ ቀረ። በጠርዙ ላይ ዛሬም የኮራል ሪፍ ቆሞ ይታያል፣ ደረቅ መሬት ላይ። ኢትዮጵያ ኮራል የላትም ለሚል ሰው መልሱ አላት፣ የሞተ ነው የሚል ነው። ሕይወት ያለው ነገርም አልጠፋም። ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ በሚገኘው የአፍዴራ ሐይቅ፣ ምንጭ በሚገባበት ዳር፣ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙ ሁለት ትንንሽ ዓሣዎች ይኖራሉ፤ አንዷ ዳናኪሊያ ትባላለች፣ የቆሮሶ ዘመድ ናት። ዓሣውን ለአኳሪየም እናምጣ የሚል ሐሳብ ካለ ይቅር፤ ቤታቸው ያ ብቻ ነው።

የተሳቢ ሾፌር የሆነ ጎረቤቴ ደግሞ አጭሩን መንገድ አገኘሁ አለ። "ጅቡቲ ስመለስ በጀሪካን ልሙላልህ፤ 15 ጀሪካን አይደለች?" ስሌቱ ትክክል ነው፤ 20 ሊትር በ15 ሲባዛ 300 ይሆናል። ባሕር አጠገብ የሚኖሩ አኳሪየም ወዳጆች በእርግጥም የተፈጥሮ ውኃ ይጠቀማሉ። ነገር ግን እሱ የሚቆመው ወደብ ላይ ነው፤ እዚያ ያለው ውኃ ዘይትና ከመርከብ ቀለም የሚረግፍ መዳብ የተቀላቀለበት ነው። ከሙሻ ደሴት በኩል ከኮራሉ አጠገብ ቢቀዳ እንኳ 800 ኪሎ ሜትር ያህል በበረሃ ሙቀት ሲጓዝ በውስጡ ያለው በዓይን የማይታይ ፍጥረት ይሞትና ይሸታል። ደግሞ በየሳምንቱ የሚቀየር ውኃ አለ፤ በየሳምንቱ ጅቡቲ ሊሄድልኝ ነው? ኬላ ላይ ጀሪካን አይቶ ውኃ ነው ብሎ የሚያምን ፈታሽም የለም።

ስለዚህ ያለው አማራጭ ንጹሕ ውኃ ላይ የባሕር ጨው ዱቄት መበጥበጥ ነው። ዱቄቱ ከውጭ ይመጣል፤ ማግኒዚየሙም ካልሲየሙም በልኩ የገባበት ነው፤ ለ300 ሊትር 11 ኪሎ ያህል ይፈልጋል። ንጹሕ ስል ግን ዝም ብዬ አይደለም። የከተማችን የቧንቧ ውኃ ከአዋሽ ተጣርቶ ክሎሪን ይገባበታል። የጉድጓድ ውኃ የምንጠቀም ደግሞ ፍሎራይድ አለብን፤ የወንጂ ልጆች ጥርስ ለምን እንደሚበልዝ እዚህ የማያውቅ የለም። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም አይለፍ ይላል፤ በስምጥ ሸለቆ ከ10 የሚያልፍ ጉድጓድ አለ። የሚገርመው የባሕር ውኃ ራሱ በሊትር 1.3 ሚሊግራም ፍሎራይድ አለው። ችግሩ ፍሎራይዱ ብቻ ሳይሆን አብሮት የሚመጣው ባይካርቦኔት፣ ሲሊካና ናይትሬት ነው፤ ሲሊካና ናይትሬት መስታወቱን ቡናማና አረንጓዴ አልጌ ያለብሱታል።

መፍትሔው አር ኦ የሚባለው ማጣሪያ ነው፤ ለመጠጥ የሚሸጠው ይሠራል፣ መጨረሻው ላይ ዲአይ የሚባል ሬዚን ይጨመርበታል። በውኃው ውስጥ የሟሟውን የሚለካው ቲዲኤስ ሜትር ዜሮ ሲያነብ ውኃው ደርሷል ማለት ነው። ጉዳቱ አንድ ሊትር ንጹሕ ለማውጣት ሦስትና አራት ሊትር ወደ ውጭ መጣሉ ነው። በሳምንት ጥቂት ቀን ብቻ ውኃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ቀልድ አይደለም። ሮቶ ላይ አጠራቅሙት፤ ለልብስና ለወለል ይሆናል።

ቀጥሎ ኦክስጅን። አዳማ ከባሕር ጠለል 1,600 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። አየሩ ስለሚሳሳ ውኃው የሚይዘው ኦክስጅንም ይቀንሳል፤ 25 ዲግሪ የሞቀ የባሕር ውኃ በባሕር ጠለል ላይ በሊትር 6.7 ሚሊግራም ሲይዝ እዚህ 5.5 ያህል ብቻ ነው። የውጭ መጽሐፍ ላይ የተጻፈው የዓሣ ብዛት እዚህ አይሠራም፤ አንድ አምስተኛ ቀንሱለት። ውኃውን የሚያናውጠው ፓምፕ ላይኛውን ወለል ማንቀሳቀስ አለበት፣ ቀንም ሌትም።

ቀንም ሌትም ስል መብራት ኃይል ትዝ አላችሁ መሰለኝ። እ.ኤ.አ. በ1960 ሥራ የጀመረው የቆቃ ግድብ ጎረቤታችን ነው፤ በከተማችን አናት ላይ በ2012 እና በ2015 እ.ኤ.አ. 51 እና 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ የነፋስ ተርባይኖች ተተክለዋል፤ ሳሎናችን ግን ጨለማ ነው። መብራት ሲጠፋ ኮራሉ ብርሃን አጥቶ አይሞትም፤ ጨለማን ለቀናት ይችላል። የሚገድለው ውኃው መቆሙ ነው። ዓሣው፣ ኮራሉና ድንጋዩ ላይ ያለው ባክቴሪያ ሁሉም በአንድ ላይ ይተነፍሳሉ፣ የሚጨምርላቸው ግን የለም። በሰዓታት ውስጥ ያልቃል። ስለዚህ እኔ አኳሪየሙን ከመሸጤ በፊት ባትሪውን አስገዛለሁ፤ ኢንቨርተር የማይችል ሰው ባለ 12 ቮልት ትንሽ የአየር ፓምፕ ከአንድ ባትሪ ጋር ያድርግ። ያንን የማይገዛ ደንበኛ ኮራል አልሠራለትም፤ ጨክኛለሁ።

ሙቀቱ ደግሞ ሁለት ፊት አለው። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ቤት ውስጥ ያለ ውኃ 29 እና 30 ዲግሪ ይነካል፤ ኮራል በውስጡ የሚያኖረውንና በብርሃን ምግብ የሚያበስልለትን ጥቃቅን አልጌ የሚያባርረው ያን ጊዜ ነው፤ ይነጣል፣ ከዚያ ይራባል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ግን ማሞቂያ ካልገባ ከ22 በታች ይወርዳል። ከ25 እስከ 26 ነው የሚፈለገው። በሙቀቱ ወራት ትንሽ ቬንትሌተር ወደ ውኃው ወለል ማዞር ሁለት ሦስት ዲግሪ ያወርዳል። ነፋሱ ትነቱንም ይጨምራልና ጠዋት የምትሞሉት ውኃ ይበዛል።

ወደ ድንጋይ ስንመጣ የአካባቢያችን ድንጋይ አይሆንም፤ ፑሚስ ይንሳፈፋል፣ ሌላው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጡ ያለውን ብረት ውኃ ውስጥ ሊለቅ ይችላል። የድሬዳዋ ኖራ ድንጋይ ግን ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊት የባሕር ወለል የነበረ፣ ቀንድ አውጣና ኮራል የተቀበረበት ነው። ላዩ ላይ ኮምጣጤ ጠብ ስታደርጉበት የሚፈላ ከሆነ ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ቀዳዳ የበዛበትን ምረጡ፤ ባክቴሪያው የሚሰፍረው በቀዳዳው ውስጥ ነው።

ጨው ተበጥብጦ፣ ድንጋይ ገብቶ፣ ፓምፑ እየዞረ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ምንም ዓሣ አይገባም። ደንበኛ የሚጣላኝ እዚህ ላይ ነው፤ ባዶ ውኃ ለምን ይሽከረከራል ይላል። ዓሣ ሲሸናና የተረፈ ምግብ ሲበሰብስ አሞኒያ ይወጣል፤ አሞኒያ መርዝ ነው። አንድ ዓይነት ባክቴሪያ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል፤ ናይትራይትም መርዝ ነው። ሌላው ደግሞ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት፤ ይህ በመጠኑ የሚቻል ነው። እነዚህ ባክቴሪያዎች እስኪበዙ ድረስ ቁንጥር የዓሣ ምግብ እየጣሉ በመመርመሪያ ጠብታ መለካት ነው፤ አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ ሲሉ ጊዜው ደረሰ። ናይትሬቱ እየተጠራቀመ ስለሚሄድ በየሳምንቱ 30 ሊትር ወጥቶ አዲስ ይገባል። ስኪመር የሚባለው ዕቃም ውኃውን ከአየር ጋር እየናጠ ቆሻሻውን በአረፋ ያወጣል።

እትዬ ኒሞ የሚሏት ዓሣ ክላውንፊሽ ትባላለች። ከባሕር ሳትያዝ ገንዳ ውስጥ የተራባችውን ጠይቁ፤ ምግብ ለምዳለች፣ በቶሎ አትሞትም። ኮራል ግን በሻንጣ አይላክም። ድንጋያማ ኮራሎች ሳይቲስ በሚባለው የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ናቸው፤ ኢትዮጵያ የስምምነቱ አባል ናት፣ ፈቃዱም በዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን በኩል ነው የሚሄደው። ሌላ ጥንቃቄም አለ። ዞአንቲድ የሚባሉት፣ እንደ አበባ የሚፈኩት፣ አንዳንዶቹ ፓሊቶክሲን የሚባል ከባድ መርዝ አላቸው። ድንጋዩን አፀዳለሁ ብሎ በፈላ ውኃ ማጠብ እንፋሎቱን የተነፈሰውን ቤተሰብ በሙሉ ሆስፒታል ሊያስገባ ይችላል፤ ጓንት ሳታደርጉ አትንኳቸው።

እትዬ ይህን ሁሉ ሰምተው ሲያበቁ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፤ በየሳምንቱ የሚወጣው 30 ሊትር የት ይደፋል? ከጠየቁኝ ሁሉ የወደድኩት ጥያቄ እሱ ነው። በውስጡ አንድ ኪሎ ያህል ጨው አለ፤ በዓመት ከ50 ኪሎ በላይ ይሆናል። ጓሮ ያለችውን ፓፓያ ሥር ከደፉት ፓፓያዋ ትደርቃለች፤ የጎርፍ ቦይ ውስጥ ከለቀቁት አንድ ቦታ ሄዶ ይቀመጣል። እሳቸው ጣራ ላይ ሁለት ካሬ ሜትር የሚሆን ዝቅ ያለ ትሪ ከጥቁር ጂኦሜምብሬን ሠራሁላቸው። የሳምንቱን ውኃ ያፈሱበታል፣ በሦስትና በአራት ቀን የአዳማ ፀሐይና ነፋስ ያደርቁታል፤ በክረምት በላስቲክ ይሸፈናል። የደረቀውን ጠርገው በጆንያ ያጠራቅሙና ለቆሻሻ ሰብሳቢ ማኅበሩ ይሰጣሉ፤ "ለከብት አይሰጥም፣ ለወጥ አይገባም" ብለው በጥቁር ማርከር ጽፈውበታል።